በጥቅምት የጣልሁት ጣሳ

ውድ ተሾመ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። ሰናይት ልጃችን መምህር ሆና አንበሳሜ ተመድባለች። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። እኔ አሁንም እየረሳሁ፣ የጧት ፈረቃ ያለህ እየመሰለኝ ቁርስህን አሰናዳለሁ። መጫወቻ ባቡርህ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነች፤ አቧራዋን የምጠርግላት እኔ ነኝ።

ያቺን አሮጌ መጫወቻ ባቡር ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስትሠራ ፈረንጅ አለቃህ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጠህ። ከአንተ ዕድሜ ትበልጣለች። ሐዲድ በሌለበት በዚህ የሐይቅ ዳር ከተማ ባቡር ይዞ የመጣ ሰው እያልሁ ስቀልድብህ ትስቅ ነበር። ተበላሽታ የቆመች ነበረች፤ መለዋወጫዋ የትም ስለማይሸጥ ስምንት ዓመት ለቀምህላት፤ ሞላውን ከተሰበረ የደወል ሰዓት፣ ብሎኑን ከመነጽር፣ ጥርሱን ከሰዓት ሠሪው ከሐጂ ኑሩ። ሁሉንም በአንድ የብስኩት ጣሳ አኖርኸው። የቀረህ አንድ ጎማ ነበር፤ እሱንም ድሬዳዋ ላለ ወዳጅህ ጽፈህ ትጠባበቅ ነበር።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

አብዮት ጠባቂዎች ቤት ለቤት በሚፈትሹበት በዚያ የአሰሳ ሰሞን፣ በጥቅምት፣ ጎረቤቱ መጽሐፍ ሲያቃጥል አይቼ ፈራሁ። ሞላና ሽቦ የሞላበት ጣሳ ቢያገኙ ቦምብ ሊሠሩበት ነው ይሉናል ብዬ፣ ከሚታጠብ ልብስ ሥር ደብቄ ወደ ሐይቁ ወረድሁና ከማጥብበት ድንጋይ አጠገብ ጣልሁት። እኔ ከሐይቅ ርቄ ያደግሁ የዱርቤቴ ሰው ነኝ፤ ሐይቅ የዋጠውን ይመልሳል ብዬ አላሰብሁም። አሳሾቹ በማግስቱ መጡ። አንደኛው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ባቡሯን ወለሉ ላይ ገፋ ገፋ አደረጋትና ስቆ መለሳት። ሌላ የነኩት ነገር የለም።

ከሥራ ገብተህ ጣሳውን ስትፈልግ የስምንት ዓመት ድካምህን ጣልሁት ማለት አቃተኝ። አሳሾቹ ወሰዱት አልሁህ። ዝም ብለህ ትተወዋለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን በነጋታው ኮትህን ለብሰህ ንብረቴን መልሱልኝ ልትል ቀበሌ ሄድህ። አብዮት ጠባቂን ሌባ አደረግህ ተብለህ አሥራ አንድ ቀን ታሰርህ። በአንድ ቃል እንደማስፈታህ እያወቅሁ ለራሴ ፈራሁ። የምትወደውን የዓሣ ወጥ እየሠራሁ አመላለስሁልህ፤ እውነቱን ብቻ አስቀረሁብህ። ስትወጣ ከስተህ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ልጆቹ በሉ ወይ ብለህ ነው።

ትናንት ሐጂ ኑሩ መጡ። አደራ ስላልሃቸው ሰባት ወር ሲያቅማሙ ከርመው፣ የሟች ዕቃ ከእኔ ዘንድ አይቅር ብለው ጣሳህን አመጡልኝ። ዝጓል፤ ክዳኑ ላይ የሐይቅ ጭቃ ደርቋል። እንደነገሩኝ፣ ለካ በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ውኃው ሸሽቶ ድንጋዩ የብስ ላይ ሲቀር፣ አንተው ከጭቃው አንስተኸዋል። ለእሳቸው ከታንኳ ላይ ከእጄ አመለጠኝ ብለህ ሞላዎቹን አብራችሁ አጸዳችሁ፤ ቤት እንዳይሰማም ለመንሃቸው። ያ ድንጋይ የእኔ ማጠቢያ እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ ስንበላ አንድ ቀን እንኳ በነገር አልወጋኸኝም። ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው ሲባል ቂመኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጣሳው ውስጥ የድሬዳዋው ጎማ በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሁሉም ሞልቶልህ ኖሯል። ባቡሯ ብትሄድ ኖሮ ሞላው ከየት መጣ ብዬ እጠይቅህ፣ መልስህን ስሰማም አንገቴን እደፋ ነበር፤ ይህን አስበህ ተውኻት። አሁን ግን አንተ በሌለህበት አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፍልህ። አፈርሁህ፣ ተሾመ።

እስክንገናኝ ድረስ ይህን አልረሳም። በሙት ዓመትህ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ሐጂ ኑሩን ጠርቼ ሞላዋንና ጎማዋን አስገጥማለሁ። ባቡሯ ከመሄዷ በፊት ግን እስከዛሬ ለምን እንደቆመች እነግራቸዋለሁ።

ባለቤትህ አስካለ