የአንገት ጅማቷ ሳይታይ ወደ ቤት ስለተሸኘችው ባለቤቴ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጉራጌ ዞን ጤና መምሪያ ኃላፊ
ወልቂጤ

ጉዳዩ፦ የላይኛው የአንገት አጥንቱ የተሰበረ ታካሚ ጅማቱ በኤምአርአይ ሳይታይ ወደ ቤት እንዳይሸኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የጉብሬ ነዋሪ ስሆን፣ ይህን አቤቱታ የማቀርበው በባለቤቴ በባሂራ ላይ የደረሰው በጎረቤቴ ላይ ሊደገም ስለተቃረበ ነው።

1. ባሂራ ጉብሬ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቁርስ ትሸጥ ነበር። የታመመ ተማሪ መኖሩን ከሰማች ሾርባ ይዛ እስከ ግቢው በር የምትሄድ ሴት ነበረች። ባለፈው ሐምሌ ከወልቂጤ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ስሙ በአባሪው በተገለጸው ሆስፒታል በሲቲ ስካን ስትታይ የላይኛው የአንገት አጥንቷ መሰንጠቁ ታወቀ። ሐኪሙ «ስብራቱ ትንሽ ነው፤ አጥንቱ ቦታውን አልለቀቀም» ብሎ ለስላሳ የአንገት መደገፊያ አደረገላትና ሸኘን። ባሂራ ከበር ተመልሳ «መስገድ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ቀስ ብለሽ» አላት።

2. በዚያው ሳምንት የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ስትሰግድ ለሱጁድ ግንባሯን ምድር እንዳስነካች ቀረች። ስጠራት «ዑመይር፣ እጆቼ የሉም» አለችኝ። ቀና ላደርጋት ፈራሁ፤ ልተዋትም አልቻልኩም። አዲስ አበባ ተወስዳ በኤምአርአይ ስትታይ፣ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን የአንገት አጥንት አጣብቆ የሚይዘው ጅማት ተበጥሶ ተገኘ። እዚያ ያሉት ሐኪም እንዳስረዱኝ ሲቲ ስካን አጥንቱን አጥርቶ ቢያሳይም እንዲህ ያለው የጅማት ጉዳት ሊያመልጠው ይችላል። ቀድሞ ታውቆ ቢሆን አንገቷ እንዳይነቃነቅ ታስሮ ኦፕራሲዮን የመደረግ ዕድል ነበራት። ባሂራ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሆና በዐይኗ ብቻ ታናግረኝ ነበር። ነሐሴ ሳያልቅ ወደ አኼራ ሄደች።

3. መጀመሪያ ያከማት ወጣት ሐኪም ለቅሶ መጥቶ «አጥንቱን አይቼ አመንኩ» ብሎ አለቀሰ። እንዲቀጣልኝ አልጠይቅም። ሆስፒታሉ ኤምአርአይ የለውም፤ ወደሚገኝበት መላክ ግን ይቻል ነበር።

4. አሁን ደግሞ ጎረቤቴ ኪዱ ገሠሠ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ ወድቆ እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል። ትናንት ልጠይቀው ስሄድ ባለቤቱ ፍቅርአዲስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የአንገቱ ስብራት ትንሽ ነው አሉን፤ ዓርብ ይወጣል» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እኔም ይዤ ወደ ቤቴ ገብቼ ነበር። የባሂራን ስነግራቸው ኪዱ ራሱን ሳያዞር እጄን ያዘኝ። ሪፈር እንዲጻፍለት ስንለምን «ስብራቱ ቀላል ስለሆነ መመሪያው አይፈቅድም» ተባልን።

ስለሆነም እንዲህ ያለ ስብራት ያለበት ታካሚ ጅማቱ በኤምአርአይ እስኪታይ አንገቱ ታስሮ እንዲቆይ፣ መሣሪያው በሌለበትም ወደሚገኝበት እንዲላክ መምሪያው እንዲያዝልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ ለባሂራ ከዱዓ በቀር የምጠይቅላት የለኝም። ኪዱ ግን ዓርብ ይወጣል።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዑመይር ሀቢቡ
ጉብሬ