ቋጥኙ ጋ ያልታጠፈችው ጀልባ

ልጄ ዴልፊን፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ውሃውን ያርጋልሽ፤ ክፉ ነፋስ አይንካሽ። የኒውዚላንድ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። እንጆሪው ዘንድሮ በዝቷል፤ ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል።

አባትሽ ያው ኮሆ ሳልሞን ሊያጠምድ ብቻውን ይወጣል። መሪውን ያስርና ጀልባዋ መንጠቆዎቹን ቀስ እያለች ስትጎትት፣ እሱ ከኋላ ቆሞ ዓሣ ያወጣል። ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ እኔም በመስኮት አየዋለሁ። ማክሰኞ ግን አልታጠፈም። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ወደ ውቅያኖሱ ሄደች። ጎረቤታችንን ኸርማንን በሬዲዮ ጮኼ ጠራሁት። ሲደርስ አባትሽ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከወደቀ እንዲይዘው ብዬ ከጀልባዋ ኋላ ያሰርኩለትን ገመድ ጨብጦ ይጎተታል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ራስህን ለዓሣ ምግብ አድርገህ ነው የምታጠምደው?" ብሎ ሳቀበት ኸርማን፣ ከውሃው አውጥቶ ቤት ሲያደርሰው። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ዛሬም ወጥቷል። "ከመንጠቆው ጋር ይጠላለፍብኛል" የሚለውን ያን ገመድ ፈትቶ በር ላይ ሰቅሎት አገኘሁት። አንቺን ይሰማሻልና እባክሽ ደውለሽ ተቆጪልኝ።

የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ። ጀልባዋ ቋጥኙ ጋ ልትደርስ ነው፤ እስክትታጠፍ ሌላ ቃል መጻፍ አልችልም።