የሰሜኑ በር ፍራሽ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ትከሻህ ብርዱን ቻለው ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ሃርላን ፎርክ በረዶው ገና አልለቀቀም፤ በቆሎው ማሳ ላይ ከቁራ በቀር ምንም የለም።

የምጽፍልህ እሑድ በስልክ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። የሆኪ አዳራሹ ጠባቂ የነበረው ቨርጂል ሆስፒታል እንደተኛ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ እንደቆረጡ፣ አንተንም ማየት እንደሚፈልግ ስነግርህ፣ «ይሙታ! እጄን የበላ ሰው ነው፤ የእኔን ይቅርታ ይዞ አይሄድም» አልክና ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ምድጃ ላይ የጣድኩት ቺሊ ወጥ አረረ።

ጎሾችን፣ ያንን ቡድናችንን፣ ዛሬ ማን ያስታውሳቸዋል? ባለፈው ወር የሆኪ አዳራሹ ውስጥ የትራክተር ትርዒት ነበር። በር ላይ ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ፣ «እዚህ እኮ የፉትቦል ቡድን ነበረን» ብላት፣ «እዚህ ቤት ውስጥ? ጣሪያ ሥር?» ብላ ሳቀችብኝ። ለሁለት ዓመት አንጀታችንን ያሰርንለት ነገር መሳቂያ ሆኖ ቀረ።

ክላይድ ሃቨርሚል፣ ያ አፈ ቅቤ ምንጣፍ ነጋዴ፣ «ከተማችሁ ክረምቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው፤ ቡድን አመጣላችኋለሁ» ያለ ጊዜ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። በሆኪው በረዶ ላይ ሳንቃ ተነጠፈ፤ ሳንቃው ላይ ከመጋዘኑ ያመጣው አረንጓዴ ምንጣፍ። የእናንተ እግር ከታች ይበርዳል፣ ጭንቅላታችሁ የራስ ቁር ውስጥ ይቀቀላል። ሜዳው የደንበኛውን ግማሽ እንኳ አያህልም፤ ዳር መስመር በሚኖርበት ቦታ ግድግዳ አለ። ግድግዳውን ዙሪያውን ፍራሽ እናለብሰው ነበር፤ ፍራሹ ላይ የጥርስ ሐኪሙና የቀብር ቤቱ ማስታወቂያ።

አንተ ከቄራ ፈረቃህ ወጥተህ፣ ጫማህ ደም ደም እየሸተተ ለልምምድ ትደርሳለህ። ቨርጂል የበረዶ ማለስለሻ መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ «አንተ ልጅ፣ ኳሱን ያዘው እንጂ ምን ትለማመጠዋለህ!» ይልሃል። ያኔ ትወደው ነበር። ልደትህን እሱ ቤት ያከበርከውን ረሳኸው?

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት አሸንፈን አሥር ተሸነፍን። በሁለተኛው ግን አንተ ተሳካልህና ሕዝቡ መምጣት ጀመረ።

የመግቢያውን ሥርዓት ታስታውሳለህ። በሰሜኑ በር በአየር የሚነፋ ትልቅ የጎሽ ራስ ይቆማል፤ እናንተ በአፉ ውስጥ እየሮጣችሁ በጭስ መሀል ትወጣላችሁ። ከዚያ ቨርጂል የጎሹን ራስ አስተንፍሶ ይጎትተዋል፣ እኔ የብረቱ በር ላይ ፍራሹን እሰቅላለሁ። እሱ ጠቅልሎ ሲጨርስ፣ «ፍራሹ?» ይላል። እኔ፣ «ተሰቅሏል!» እላለሁ። እሱም እጁን ለዳኛው ያነሳል። ያንን እጅ ሳያይ ዳኛው ፊሽካ አይነፋም። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ አንተ ሁልጊዜ ጀርባህን ሰጥተህ ስለምትቆም ነው፤ አይተኸው አታውቅም።

በዚያ ቅዳሜ አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ። ሃቨርሚል መጣና ትንንሽ ኳሶች የሞሉበት ቅርጫት ሰጠኝ፤ «ለሕዝቡ የምትወረውሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ዕድሜዬን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት፣ ሦስት ሺህ ሰው ስሜን እየጠራ ጮኸልኝ። ቨርጂል እንደ ወትሮው ጠየቀኝ። እኔም እንደ ወትሮው መለስኩለት። ቅርጫቱ በእጄ፣ ፍራሹ ግን ገና መሬት ላይ ነበር። እሱ አመነኝና እጁን አነሳ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ወደ ሰሜኑ ጥግ ሮጥክ፣ የተወረወረልህን ኳስ በሁለት እጅህ ያዝከው። የብረቱ በር ላይ ስትወድቅ እንኳ አልለቀቅከውም። ሕዝቡ ነጥቡን ቆጥሮ እያጨበጨበ ነበር፤ አንተ አልተነሳህም። እኔ ቀድሜ ደረስኩ፤ ግራ እጅህን ስይዘው አልጨበጥከኝም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ቡድኑ ፈረሰ። ሃቨርሚል ምንጣፉን ጠቅልሎ አሪዞና ገባ፤ አሁን የመዋኛ ገንዳ ይሸጣል አሉ፣ እዚያው ይስጠም። መርማሪዎቹ መጥተው ሲጠይቁ ቨርጂል፣ «በሩ የእኔ ኃላፊነት ነው» አለ። የእኔን ስም አላነሳም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጓንቴን እያየሁ ነበር። ከሥራ ተባረረ። ያች አጨብጫቢ ከተማ ሰላምታ ነሳችው። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ሬሳ ሣጥኗን የሚሸከም ስድስት ሰው ጠፍቶ የቀብር ቤቱ ሠራተኞች ተሸከሟት። እኔ አልሄድኩም። ድንች በአይብ ጋግሬ በሰው እጅ ላክሁ።

ከሆስፒታል ስትወጣ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ስታገባ። ከዚያ አንድ የምስጋና ቀን፣ እኔው ማዕድ ላይ፣ በቀኝ እጅህ ብርጭቆ አንስተህ፣ «በዚህ ከተማ ያልበደለችኝ እህቴ ብቻ ናት» አልክ። እንዲህ ከተባለልኝ በኋላ አፌን እንዴት ልክፈት? አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ አባባልህ ኖርኩ። ጣፋጭ ነበር፤ አሁን ግን መሮኛል።

ትናንት ሄጄ ጠየቅኩት። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ስገባ ዓይኑን ገለጠ፣ ፈገግ አለ፣ «ፍራሹ?» አለኝ። አልጋው ጥግ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ ነው ያባበለኝ።

ፍራሹ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቡድኑ ሲፈርስ ሌላው ዕቃ ተሸጠ፣ ያንን ግን በዚያው ቅዳሜ ማታ ይዤው መጥቼ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ፈገግታ አንድ ጭረት የለበትም።

ሐኪሙ ከሐሙስ አያልፍም ብሏል። አንተ ካለህበት ከኦማሃ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሂድና በደህናው እጅህ ጨብጠው። «ፍራሹ?» ካለህ፣ እህቴ መልሷን አስተካክላለች በለው። ወደ እኔ ብትመጣ አልጋህ ተነጥፏል፤ ሳታየኝ ብትመለስም መኪናህን በመስኮት አይቼ እሸኘዋለሁ።

አምላክ ልጆችህን ይባርክልህ። የተወሰደብህን በሌላ ይካስህ። መንገዱ የሚያዳልጥ ነውና ቀስ ብለህ ንዳ።

እህትህ፣
እንዲህ ብለህ ከጠራኸኝ