ሁለቱ አዛኖችህ

ሰኢዴ፣ የኔ ሰው፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን ገባ። ሰፈራችን ካራንቲና ያው ናት፤ ክፍላችንም ያችው ናት፣ ለኔ ብቻ ሰፋችብኝ እንጂ። አሁንም ያንተን ጎን ትቼ ጥግ ይዤ እተኛለሁ፤ ልማድ ክፉ ነው። ቀን ማዳሟ ቤት ስሠራ እውላለሁ፣ ስመለስ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም። ሰሚራችን አድጋልሃለች፤ ወሬዋ ሁሉ ዐረብኛ ሆኗል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተርህ ነው። ጉድ ሠርተኸኝ ነው የሄድከው! ሰው አንድ የአዛን ፕሮግራም ይጭናል፤ አንተ ሁለት ጫንክ። አንዱን በመካ ሰዓት፣ ሌላውን በደሴ ሰዓት፣ እናቴ ስትሰግድ አብሬያት ልስገድ ብለህ። ቀትር ላይ፣ በዙህር ሶላት፣ ሰዓታቸው ሊገጥም ምንም አይቀረው፤ እኩል ይነሱና በድምፁ ይጣላሉ፣ ኮምፒውተሩም ድርቅ ይላል። አንተ እያለህ ትስቅና አንዱን ዝም ታሰኘው ነበር። እኔ ምን አውቄ፣ በደረቀብኝ ቁጥር ገመዱን መንቀል ነው። ስነቅል ስነቅል አንድ ቀን በስምህ የሚከፈተው ገጽ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ፎቶው የለ፣ ሐሙስ ማታ የቀዳኸው መንዙማ የለ። ስልክህ እንደሆነ ያረፍክ ጊዜ ጠፍቷል፤ ድምፅህ የቀረኝ እዚያ ብቻ ነበር። ሰኢዴ፣ እንደገና የሞትክብኝ መሰለኝ።

ያሲንን ለመንኩት፤ የጎረቤታችን የኸድጃ ወንድም፣ መካ ተወልዶ ያደገው። አይቶ አይቶ፣ ኸላስ፣ ይሄን አጥፍተን ባዲስ እንጀምር አለኝ። እንዴት ተደርጎ! የሰኢድን ስም አታጠፋትም ብዬ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳሁት። ምስኪን፣ ደነገጠ። ኋላ ደህና አድርጎ ሲፈትሸው፣ የተበላሸው መግቢያው ነው እንጂ ውስጡ ያለው አልጠፋም አለ። በኔ ስም አዲስ ከፈተና ያንተን ሁሉ እያወጣ ገለበጠልኝ። ከአዛኖቹ አንዱ ካልጠፋ ነገም ያው ነው ሲለኝ፣ የመካውን አስጠፋሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እሱንስ ከውጭ መስጊዱ ይጠራል፣ የእናትህን በምን አንጀቴ ላስጠፋ?

ከዚያ መንዙማህን ከፈተው። እንደ ልማድህ ጉሮሮህን ጠራርገህ ጀመርክ። መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩልህ፤ ያሲንም ሳይሰናበተኝ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰሚራ ግን አሻንጉሊቷን እንዳቀፈች ቆማ ሰማችህና፣ ይሄ ሰውዬ ማነው ብላ በዐረብኛ ጠየቀችኝ።

የኔ ሰው፣ እኔ አልረሳህም፣ ለሱ አትስጋ። ግን የኔ ብቻ ማስታወስ አልበቃህም። ከሥራ ስመለስ በየቀኑ እከፍትላታለሁ፤ አባትሽ ነው እላታለሁ፣ በአማርኛም በዐረብኛም፣ ቢሰለቻትም እላታለሁ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀድማኝ አባዬ ነው እስክትል ድረስ።