ስለ ሦስት ሳንቃና ስለ አንድ ዘመናዊ ቁም ሳጥን

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አሰግድ፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበርና የማድ ቤት ማሻሻያ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ ቆርቆሮ በሚያቀልጥ የሰኔ ሙቀት እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? የኮሚቴው አባላትስ ወገባቸው፣ ጉልበታቸው፣ በተለይም ዓይናቸው ደኅና ነው ወይ? ጤናችሁን የምመኘው ከልቤ ነው፤ የተከላችሁትን ለመንቀል ሥልጣን ያላችሁ እናንተ ብቻ ስለሆናችሁ አንዳችሁም እንድትታመሙብኝ አልፈልግም።

በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ የማድ ቤት ቁም ሳጥንና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ይበልጥ እንዲሻሻል ሰፊው ሕዝብ የዲዛይን ሐሳብ እንዲያቀርብ መጋበዙን በደስታ አንብቤአለሁ። ማስታወቂያው የወጣው ቁም ሳጥኑና ገንዳው በአሥራ አራት ቤቶች ተተክለው ከተመረቁ ከአራት ወር በኋላ ነው። ሐሳብን ከሥራ በኋላ መጠየቅ ሐሳብ ሰጪው በግምት እንዳይናገር ስለሚረዳ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት፣ ከዚያም ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ሒሳብ ነውና ሳልለካ አልናገርም፤ ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ልኮች በሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ የተለኩ ናቸው። የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው፤ በማድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሦስት ሳንቃ መልሼ እንድሰቅል እንዲፈቀድልኝ ብቻ ነው።

ግቢያችንን በጥቂቱ ላስታውስዎት። በምረቃው ዕለት ጀርባዎን ለማድ ቤቱ ሰጥተው ንግግር ስላደረጉ ውስጡን ለማየት ዕድል አላገኙም። ትርፍ ተብሎ ከተወረሰው ቤት ግማሹን እኔና ባለቤቴ ለምለም፣ ግማሹን ልብስ ሰፊው ሸሪፍና ባለቤቱ ሳፊያ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በኪራይ ይዘነዋል። ማድ ቤቱ ግን አንድ ነው። አንድ የክርስቲያንና አንድ የሙስሊም ቤተሰብ በአንድ ማድ ቤት ሰባት ዓመት ያለ አንድ ክፉ ቃል የኖሩት በሦስት ሳንቃ ነበር። በቀኙ ግድግዳ ያለው ሳንቃ የሳፊያ የሥጋ ድስቶች መቀመጫ ነበር፤ በግራው ያለው የለምለም። ከምድጃው ፊት ለፊት የተሰቀለው መካከለኛው ሳንቃ ግን የጋራ ነበር። እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ብቻ ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ ከዚያ ድስት ወጥቶ በሁለቱም ቤት ይበላል። በሑዳዴ ሳፊያ ለእኛም ትጥዳለች፤ በረመዳን ደግሞ ለምለም ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእነ ሳፊያ ማፍጠሪያ የሚሆን ምስር አድርሳ ትጠብቃለች። ይህን ሥርዓት ያወጣው ኮሚቴ አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤም የለውም። ጉድለቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ሐሳቦቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ። የገንዳው አፍ ከወለሉ አንድ ሜትር ከአራት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የባለቤቴ ክርን ደግሞ ዘጠና ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ዕቃ ስታጥብ ውሃው በእጅጌዋ ገብቶ በብብቷ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ በመጣው የዲዛይን ሥዕል ላይ የምትታየው ሴት ተረከዙ ረጅም ጫማ ተጫምታ ፈገግ ብላለችና፣ ኮሚቴው ጫማውን መቼ እንደሚያድል ቢያስታውቀን በትዕግሥት እንጠብቃለን። ከገንዳው በላይ የተተከለው የሚያብረቀርቅ ቧንቧም ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም። እጀታው ግን በደንብ ይዞራል። ውሃ የምናመጣው እንደ ድሮው አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ ከሚገኘው ቦኖ በጀሪካን ነው። የእጣቢው መውጫ ደግሞ ግድግዳውን በስቶ የሚያበቃው ከሳፊያ ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ ለምለም በጎረቤቷ መግቢያ ላይ እጣቢ ማፍሰስ ነውር ሆኖባት በሦስተኛው ቀን ገንዳውን ሽንኩርት አስቀመጠችበት። ለሽንኩርት እጅግ ምቹ መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም።

የማሻሻያ ሐሳቤ ይህ ነው። የዚህ አገር ሴት ዕቃ የምታጥበው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነውና ገንዳው ከወለሉ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በስሚንቶ ይሠራ፤ እጣቢውም በቦይ ወደ ፓፓያው ሥር ይውረድ። ቧንቧውን ለሚቀጥለው ምረቃ ብታስቀምጡት አይበላሽም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ። የተሠራው ከኮምፔንሳቶ ነው፤ የተጠጋው ከጭቃ ግድግዳ ነው፤ የቆመው ደግሞ በቆላው ወረዳችን በቀወት ውስጥ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች መደመር የሚችል ሰው ኮሚቴው ውስጥ ባይኖር እንኳ አናጢው ነጅሙዲን ነበር። ነጅሙዲን ሥራውን ሲጀምር "ጓዶች፣ እኔ የታዘዝኩትን እመታለሁ፤ ነገር ግን ይህ እንጨት ለዚህ አገር ምስጥ ቁርስ ነው፤ ምሳ እንኳ አይደርስም" ብሎ በፊቴ ተናግሯል። የተሰጠው መልስ ምስጥ ፀረ ሕዝብ ስለሆነ በዘመቻ እንደሚደመሰስ ነበር። ነጅሙዲንም "እንግዲያው ዘማቾቹ ቀድመው ይምጡ" አለና ሚስማሩን መታ። ዘመቻው እስከ ዛሬ አልደረሰንም፤ ምስጦቹ ግን በቀጠሯቸው ደርሰዋል። ፊቱ በፎርማይካ የተሸፈነ ስለሆነ ቁም ሳጥኑ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ በጣት ሲነኩት ግን እንደ ከበሮ ይጮኻል። ለጎብኚ ከሩቅ እንዲታይ ብቻ የታሰበ ከሆነ ዲዛይኑ እንከን የለውም። ካልሆነ ግን እግሮቹ ብረት ይሁኑ፤ እያንዳንዱም እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁም፤ በሮቹም አየር እንዲያስገቡ በወንፊት ሽቦ ይሠሩ። የትናንት ወጥ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ በዚህ ሙቀት እስከ ጠዋት ምን እንደሚሆን የደጋ ሰው ቢዘነጋው አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ድስቶቹ። ይህንኛውን በቁጥር ሥር ማስገባት ከብዶኝ ነበር፤ ሆኖም ሥርዓት ሥርዓት ነው። ኮሚቴው ሦስቱን ሳንቃ የኋላ ቀር ማድ ቤት ምልክት ናቸው ብሎ ከግድግዳው ሲያወልቅ፣ የሁለታችንንም ቤት ድስቶች በአዲሱ ቁም ሳጥን ውስጥ በሥዕሉ መሠረት በቁመታቸው ደረደራቸው። ትልቅ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ። ያማረ ድርድር ነበር። በየካቲት መጨረሻ ከአውራጃ እንግዶች መጥተው ማድ ቤታችን ሲመረቅ ለምለምና ሳፊያ አበባ ይዘው በር ላይ እንዲሰለፉ ታዘዙ፤ ወጡን ደግሞ ከሌላ ሠፈር የመጡ ሴቶች እንዲሠሩ ተደረገ። እነዚያ ሴቶች ጥፋት የለባቸውም። ክርስቲያን የባረከው በግ ታርዶ መጣላቸው፤ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፤ ለብዙ እንግዳ የሚበቃውን ትልቁን ድስት አነሡ። ትልቁ ድስት በመካከለኛው ሳንቃ ላይ የነበረው ነው። ትልቅ የሆነውም ለሁለት ቤት ስለሚበስልበት ነበር።

ከዚያ ወጥ እኔም ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በልቻለሁ፤ በየትኛው ድስት እንደተሠራ መጠየቅ አላሰብኩም። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ ለኮሚቴው ብሰጥ ስሌቱ ትክክል አይሆንም። እንግዶቹ ሲሄዱ ለምለም ገብታ ክዳኑን አነሣችና ባለችበት ቆማ ቀረች። "ሳፊያ፣ እባክሽ አሁን አትግቢ" ብትላትም ሳፊያ ከኋላዋ ቆማ ታይ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ያንን ድስት በአመድና በአሸዋ እየተፈራረቁ ሲፈትጉት ዋሉ። በመጨረሻ ሳፊያ እጇን በሻሿ ጠርጋ "ይተዉት እትዬ ለምለም፤ ብረት ቢሆን ታጥቦ ይጠራ ነበር፤ ሸክላ ግን የጠጣውን አይተፋም" አለቻት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ለእኛ ይቀለን ነበር።

ለምለም አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ሄዳ የቀድሞውን ከሠራችው ሸክላ ሠሪ አዲስ ድስት ገዛች። አርብ አርብ ለቁጥጥር የሚመጡት የኮሚቴው አባል ግን ሥዕሉን ይዘው ነውና፣ ቦታ ለመቆጠብ ብለው አዲሱን ድስት በለምለም የሥጋ ድስት ውስጥ ከተውት አገኘነው። ሁለተኛ ድስት ገዛች። ዕቃ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ መስቀልም በመመሪያው ስለተከለከለ ይህኛውን ከአልጋችን ሥር አኖርነው። ሳፊያ ግን ሽሮ በፈለገች ቁጥር የእኔን መኝታ ቤት አንኳኩታ "ጋሼ ይልማ፣ ድስቱን ያቀብሉኝ" ማለት አልሆነላትም፤ የትኛዋስ ጨዋ ሴት ይሆንላታል? ከግንቦት ጀምሮ ከአጥሩ ሥር ሦስት ድንጋይ ጎልታ ለብቻዋ ታበስላለች። እዚያ ጥላ የለም። ይኸው ረመዳን ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ከጥዋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰች ሴት ከቀትር በኋላ እሳት ፊት ትቀመጣለች። ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ተውሼ ለካሁት፤ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን ለምለም እንደ ልማዷ ምስር ጥዳ ነበር። የጣደችበት ያው ከአልጋችን ሥር የነበረው ድስት፣ ሳፊያ ለብቻዋ ማብሰል ከጀመረች ወዲህ እኛ ሥጋ የሠራንበት መሆኑ ትዝ ሲላት አወረደችው።

አራተኛ፣ ስለ ምላሻችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ የሁለተኛው ግን ፋይሉ ራሱ አይገኝም። ለሦስተኛው እርስዎ ራስዎ በስብሰባ ላይ "በአብዮታችን ሃይማኖቶች እኩል ስለሆኑ ድስትም እኩል ነው፤ ድስት የሚለያይ ሰው ሕዝብ ይለያያል" ሲሉ መልስ ሰጥተውበታል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አለማጨብጨብ የራሱ ማመልከቻ ሳያስፈልገው አይቀርም። እኩልነቱ የት እንደነበር ቢጠይቁኝ ግን በሜትር ላሳይዎት እችላለሁ። ከወለሉ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከምድጃው ፊት ለፊት ነበር። አሁን አራት የሚስማር ቀዳዳ ቀርቶበታል።

እንግዲህ የዲዛይን ሐሳቤ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። ሦስት የዋንዛ ሳንቃ፣ እያንዳንዱ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ስፋቱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር። ነጅሙዲን በነጻ እሰቅላለሁ ብሏል፤ ሚስማሩም ከእኔ ነው። ቁም ሳጥኑ እንዲነሣ አልጠይቅም፤ ምስጦቹ በራሳቸው ፕሮግራም እየሠሩበት ነው። ገንዳውም ይቆይ፤ ሽንኩርቱ ለምዶታል። የአርቡ ተቆጣጣሪ መካከለኛውን ሳንቃ በእጃቸው እንዳይነኩ ብቻ አንድ መስመር ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ይህ ከተደረገ ለምለም ሦስተኛ ድስት ትገዛለች፤ ከረመዳን የቀሩትን ቀኖች ቢያንስ እናተርፋቸዋለን።

ማድ ቤታችንን ከሴቶቻችን ክርን በላይ ከፍ ስላደረጋችሁልን፣ ሳንጠይቃችሁ ስለመጣችሁና ስንጠይቃችሁ ስላልመጣችሁ፣ ስለ አበባውም ጭምር ያለኝን ምስጋና በዚህ አጭር ወረቀት ላይ ማስፈር አልቻልኩም። የኮሚቴው እጅ ከነካው ነገር ሁሉ የበለጠ ዕድሜ ይስጣችሁ እያልኩ፣

ከገንዳችሁ አፍ ሥር ዝቅ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ እጅ እነሣለሁ።

ይልማ አለባቸው
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለአናጢ ነጅሙዲን፣ ለማወቅ ያህል

ድኅረ ጽሑፍ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.፦ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ቁልፍ የያዙት ሰው እስኪገኙ አሥራ አንድ ቀን ስጠብቅ፣ ሸሪፍ ካራቆሬ ወንድሙ ዘንድ ተዛውሮ ለመኖር መሸኛ ጠየቀ። ሰኞ ጠዋት ጠይቆ ሰኞ ከቀትር በፊት ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ተሰጠው፤ በቀበሌያችን እንዲህ የፈጠነ ሥራ አይቼ አላውቅምና አድናቆቴ ከልብ ነው። ኢድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ትናንት ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ስለዚህ የሳንቃውን ጥያቄ ትቼዋለሁ፤ ለሁለት ሰው አንድ ቁም ሳጥን ይበቃል። ለምለም ግን እጇ አልመለስ ብሏት ሽሮውን አሁንም ለሰባት ሰው ትሠራለች። የሚተርፈውን የኮሚቴው አባላት መጥታችሁ ብትበሉልን ደስ ይለናል፤ እናንተ እንደሆነ በየትኛው ድስት እንደተሠራ አትጠይቁም።