ስለ ሕመምዎ የጻፍኩት ደብዳቤ

ውድ ጋሼ ረዲ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የእርስዎን ጤና ለመጠየቅ እንኳን አፈርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎና ከዚያ ይፍረዱብኝ።

ባለፈው ዓመት እህል በረንዳ፣ መደብርዎ ድረስ የመጣሁት ለጨረታ ነበር። አንድ የውጭ መንግሥት ለልማት ሥራው አማካሪ ድርጅቶችን በአምስት ዓመት የማዕቀፍ ውል ሊይዝ ነበር። አንዴ የገባ ድርጅት ሥራ በመጣ ቁጥር ይታዘዛል፤ ያልገባ አምስት ዓመት ቆሞ ያያል። የእኛ ቢሮ ከአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት ጋር ተጣምሮ ሲወዳደር የጎደለን አንድ ሰው ነበር፤ የእህል ገበያን ከውስጥ የሚያውቅ ባለሙያ። «ራጉኤል ጀርባ የአባቴ ጎረቤት የነበሩ የእህል ነጋዴ አሉ» ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ጆንያ ላይ አስቀምጠውኝ «ወላሂ ልጄ፣ እኔ ሲቪ ምናምን የለኝም» አሉኝ። እርስዎ ያውሩ፣ እኔ እጽፋለሁ አልኩ። የቱ ደላላ ዋጋ እንደሚሰቅል፣ ክረምት ሲገባ የትኛው መንገድ መኪና እንደሚያስቀር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሥራዎን ሦስት ገጽ አደረግኩት። የጥቅም ግጭት የሚባለውን ቅጽም ያስፈረምኩዎ እኔው ነኝ። ገበያውን የሚያጠና ሰው ራሱ መነገድ የለበትም ስልዎ ዞረው ጆንያዎቹን አዩ።

«ሥራው ግን እርግጥ ነው?» አሉኝ።

«እርግጥ ነው፣ ጋሼ።»

አሸነፍን። ገምጋሚዎቹ ከሁሉ የወደዱት የእርስዎን ሦስት ገጽ ነበር። እርስዎም ቃልዎን ጠብቀው መደብሩን ለታናሽ ወንድምዎ ለሀምዳን አስረከቡ።

የመጀመሪያው የሥራ ትዕዛዝ ሲመጣ አለቃዬ ይድነቃቸው ጠራኝ። «የሽማግሌው ስም ሥራውን ሠርቶልናል። አሁን በእንግሊዝኛ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው እንተካ» አለ። በውሉ መሠረት እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ የሚተካው ከሞተ፣ ከታመመ ወይም ራሱ ከለቀቀ ብቻ ነው። «ለቀቁ ካልን ፊርማቸውን ይጠይቁናል። ታመሙ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። «ጀርባቸውን በጠና ታመዋል» ብዬ ጻፍኩ። ጀርባ የሚለውን እሱ አላለኝም። ይበልጥ እንዲታመን ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሚያዝያ ላይ አዲስ ኮት ለብሰው ቢሮ መጡ። ጸሐፊያችንን ፈሪዳን «ፊልድ ወጥታለች በያቸው» አልኳትና በሩን ዘግቼ ከኋላው ቆሜ አዳመጥኩ። «አትጨነቂ በያት። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ እሷ እንዲህ አይደለችም። አላህ ያግዛት» አሉ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አራቱን ፎቅ በእግርዎ ወጥተው በእግርዎ ወረዱ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ውሉን የሰጡን የውጭው መንግሥት ሰዎች ስብሰባ ላይ አንድ ካርድ ሰጡኝ። ሰባቱም ፈርመውበታል፤ ቶሎ ይሻልዎት ይላል። «አንቺ ስለምታውቂያቸው አድርሺልን» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ የእርስዎ ስለሆነ እኔ ጋ መቀመጥ የለበትም።

ዛሬ ጠዋት ለእነሱም ጻፍኩ። ጋሼ ረዲ ታመው አያውቁም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ቦታው የእሳቸው ነው አልኩ። ከሥራ መባረሬ አይቀርም፤ ይሁን። ሥራዎን ይመልሱልዎ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ደግሜ እርግጥ ነው አልልዎትም።

ይደውሉልዎታል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አውቅዎታለሁ፣ ሰው ሲዋረድ ማየት አይሆንልዎትም። «በእርግጥ ታመው ነበር ወይ?» ብለው ሲጠይቁዎ፣ እኔን ለማዳን ብለው አዎ እንዳይሉ።

ዓይንዎን ለማየት ያፈረችው፣
ሩሀማ ኃይለመለኮት