ያልተሣለው ገጽ ስምንት

ለተከበሩ የፋብሪካው የደህንነት ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ቤት አንድ ሰው ከመጉደሉ በቀር ደህና ነን። የጎደለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ቦይለራችሁ የፈነዳ ዕለት ተረኛዋ እሷ ነበረች።

የምርመራውን ሪፖርት ስለላኩልን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። «የአደጋ መንስኤ ዛፍ» ያሉት ሥዕል ከላይ «ቦይለሩ ፈነዳ» ይልና ለምን፣ ለምን እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ለአንድ ወረቀት ስለበዛም በአሥራ አንድ ገጽ ከፋፍለውታል። የቴክኒክ ሥዕል መምህሬን ብጠይቃቸው፣ መከፋፈሉ ነውር እንደሌለው፣ እንዲያውም ለማንበብ እንደሚቀል፣ ብቻ ቅርንጫፉ በተቆረጠበት ሁሉ ሦስት ማዕዘን ተሥሎ የቀጣዩ ገጽ ቁጥር እንደሚጻፍበት አስረዱኝ። በሦስት ማዕዘን በኩል እርስዎን የሚያማ የለም። ቅሬታዬ የሚከተለው ብቻ ነው፦

1ኛ. ገጽ ሦስት ላይ «ማስተንፈሻው ቫልቭ አልተከፈተም» ከሚለው ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን ወደ ገጽ ስምንት ይልካል። እናቴ ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ደርድራ በጣቷ እየተከተለች ብትሄድ ከሰባት ቀጥሎ ያገኘችው ዘጠኝን ነው። እኛው ጥለነው ይሆናል ብላ አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለገች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢሮዎ ጎራ ብዬ ጠየቅሁ፤ ጸሐፊዎም በትሕትና፣ «ገጽ ስምንት ገና አልተሣለም፤ ግን ጸድቋል» አሉኝ። ይህንን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ግን አልነገሩኝም።

2ኛ. እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገጽ ብቻ ተቀብሎ «በእኛ ገጽ ጥፋት የለም» ብሎ ፈርሟል። ጥገናም ንጹሕ፣ ግዥም ንጹሕ፣ መጋዘንም ንጹሕ። ንጹሕ ገጾች ተደምረው አንድ አስከሬን እንዴት እንደሚሰጡ የሒሳብ መምህሬም አላወቁትም።

3ኛ. ሳይቆረጥ፣ ወደ ሌላ ገጽ ሳይሻገር እስከ ሥሩ የወረደ አንድ ቅርንጫፍ አለ፤ «ተረኛዋ አልተጠነቀቀችም» የሚለው። ከዚያ በታች ለምን የሚል የለም። ሰው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል፤ እርስዎ ግን ለሙት ወቀሳ ሙሉ ገጽ ስለመደቡላት ውለታዎን አንረሳም።

ስለ ድካምዎ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ቫልቭ ያለበት ክፍል ውስጥ ከመግባት እንዲጠብቅዎ የምጸልይ፣

የተረኛዋ ታናሽ ወንድም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ሥራ ስለበዛብዎ ገጽ ስምንትን እኔ ሥዬ ከዚህ ደብዳቤ ጎን በፋብሪካው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የሣልኩት ከእህቴ የጥገና መጠየቂያ ጥራዝ ቅጂዎች ተነሥቼ ነው። ቫልቩ እንደተጣበቀ ሦስት ጊዜ ጽፋ ለእርስዎ ፈቃድ አቅርባለች፤ ሦስቱም ላይ በእርስዎ እጅ «ይቆይ» ተብሎ ተፈርሟል። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን አላደረግሁበትም፤ ከእርስዎ ጠረጴዛ ወዲያ የሚሻገርበት ገጽ የለም።